መጻሕፍትን የሚጠብቁ እጆች ስለሚገባቸው ምስጋና

በአገራችን የብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚጻፈውን የምርቃት ቃል ሊቃውንቱ ሁሉ ያውቁታል። መጽሐፉን የጻፈው፥ ዋጋውን ከፍሎ ያጻፈው፥ ያነበበውና ሲነበብ የሰማው በየተራ እየተጠሩ ምሕረት ይለመንላቸዋል፤ የሰረቀውና የፋቀው ደግሞ በውግዘት ይታሰራል። ይህ እጅግ የተወደደ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው አንድ የጐደለ ስም አለ። ይኸውም መጽሐፉን ከአይጥና ከምስጥ፥ ከጠፈጠፍና ከእሳት ጠብቆ ለልጅ ልጅ ያደረሰው የዕቃ ቤት ጠባቂ ነው። ጸሐፊው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ብርዑን ያስቀምጣል፤ ጠባቂው ግን ዕድሜውን ሙሉ ቍልፉን ከወገቡ ሳይፈታ ይኖራል፤ ሆኖም በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ ስሙ አይገኝም።

ይህን ያነሣነው የጥንቱን ለመንቀፍ አይደለም። በዛሬው ዘመን በኮሌጆችና በዩኒቨርሲቲዎች ቤተ መጻሕፍት ለሚደክሙት ሠራተኞች፥ እንደዚሁም ከትምህርታቸው በተረፈ ሰዓት ለሚያግዙ ተማሪዎች ስለሚገባው ምስጋና ጥቂት ለመናገር ነው እንጂ። ለምሳሌም የአዊን አገር እንወስዳለን። በዞኑ ዋና ከተማ በእንጅባራ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን እየተቀበለ ያስተምራል፤ በዚያው ከተማ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም አለ። ወደነዚህ ቤቶች ከሚመጡት ወጣቶች መካከል መጽሐፍ በገንዘቡ ገዝቶ ለማንበብ የሚችለው ጥቂት ነው። የገበሬው ልጅ ከባለጸጋው ልጅ ጋር እኩል የሚሆንበት ስፍራ ቢኖር የቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ነው። እንግዲህ ይህን ጠረጴዛ የሚያሰናዳ ሰው ትንሽ ሥራ ይሠራል ሊባል አይቻልም።

ሥራው ግን ከዐይን የተሰወረ ነው። መጽሐፍ ተገዝቶ ወይም በስጦታ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ የመግቢያ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ስለ ምን እንደሚናገር ተመርምሮ በክፍሉ ይመደባል፤ በጀርባው ቍጥሩ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በኋላ በመደርደሪያው ይሰካል። አንባቢው ሲመልሰውም ይህ መሰካት በየቀኑ ይደገማል። ሜልቪል ዲዊ የተባለው አሜሪካዊ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1876 ባሳተመው የአመዳደብ ሥርዓት የኢትዮጵያ ታሪክ ቍጥር 963 ነው። አንድ የደከመው እጅ ቍጥሩን አዛውሮ በ693 ስፍራ ቢሰካው፥ የታሪክ መጽሐፍ ከሕንፃ ሥራ መጻሕፍት መካከል ገብቶ ይሰወራል። መጽሐፉ አልተሰረቀም፤ አልተቃጠለም፤ ነገር ግን ለሚፈልገው ሰው እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

ሜጀር ቺዝማን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ ተቀምጦ ሳለ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ብዙ መርምሮ መጽሐፍ ጽፏል፤ መጽሐፉም በ1936 ታትሞ ወጥቷል። ዛሬ አንድ የዳንግላ ተማሪ ባዕድ ሰው ስለ አገሩ የጻፈውን ለማየት ቢፈልግ፥ መጽሐፉ መታተሙ ወይም መገዛቱ ብቻ አይበቃውም። በቍጥሩ ስፍራ አስቀምጦ፥ በጠየቀው ጊዜ አንሥቶ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ሰው ከሌለ መጽሐፉ ለዚያ ተማሪ እንዳልተጻፈ ያህል ነው።

ደግሞም የአገሩን ጠባይ ማሰብ ይገባል። እንጅባራ ደጋ ነው፤ ክረምቱም ብርዱም ብርቱ ነው። እርጥበት የመጽሐፍ ጠላት መሆኑን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። መደርደሪያውን ከግድግዳው ፈቀቅ ማድረግ፥ ፀሐይ በወጣ ጊዜ መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ ማስገባት፥ ከጣራው የሚወርደውን ጠብታ ቀድሞ ማየት፥ የተገነጠለውን ገጽ መለጠፍ፥ የላላውን ድጕስ ማጥበቅ፥ ይህ ሁሉ በየትኛውም ሪፖርት ላይ በጕልህ የማይጻፍ ሥራ ነው። በደኅና ሲሠራ ማንም አያየውም፤ በቀረ ጊዜ ግን ሁሉ ያየዋል። መጽሐፍ ከጐደለ በርክክቡ ወረቀት ላይ የፈረመው ሠራተኛ ይጠየቅበታል። እንግዲህ በጐደለ ጊዜ ስሙ የሚጠራ ሰው በሞላ ጊዜ ስሙ የማይጠራው ስለ ምንድር ነው?

ይህ ጥያቄ በተለይ በአማራ ክልል ዛሬ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ብርቱ ጕዳት እንደ ደረሰባቸው ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በእንደዚህ ያለ ጊዜ በሩን በሰዓቱ የሚከፍት፥ መጻሕፍቱንም ቈጥሮ የሚዘጋ ሠራተኛ የሚጠብቀው ወረቀት ብቻ አይደለም። ትምህርት እንዳልተቋረጠ ለወጣቱ የሚመሰክር ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ተሰላችቶ ሥራውን የለቀቀ እንደ ሆነ በምትኩ ሌላ መቅጠር ይቻል ይሆናል፤ የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ጥግ እንዳለ በብዙ ዓመት የተማረውን ዕውቀት ግን በማስታወቂያ መቅጠር አይቻልም።

ያለፈውን ታሪካችንን ብንመለከት የአለቆች ስም አልጠፋብንም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉት የፖላንድ ሰው መጻሕፍቱን በማደራጀት ደክመዋል። ወይዘሮ ሪታ ፓንክኸርስት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1956 መጥተው አስቀድሞ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፥ ኋላም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነት አገልግለዋል። ከአገራችንም ሰዎች አቶ ደግፌ ገብረ ጻድቅ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለብዙ ዘመን የሠሩትን ተመራማሪዎች ሁሉ ያውቃሉ። ለእነዚህ የተሰጠው ክብር የሚገባ ነው። ሣጥን የተሸከሙት፥ ካርድ የጻፉት፥ አቧራ የጠረጉት፥ ማታ መብራት ያጠፉት ግን ስማቸው በየት ተጻፈ? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ ሸክሙን ሃምሳ ሰው ተካፍሎት ሳለ ጌጡ ለአንድ ሰው ብቻ መዋሉ ቅን ፍርድ አይደለም።

ስለ ተማሪ ሠራተኞች ደግሞ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በአሜሪካ በኬንታኪ አገር በፈረንጅ አቈጣጠር በ1855 የተመሠረተው የቤሪያ ኮሌጅ ተማሪዎቹን የትምህርት ዋጋ አያስከፍልም፤ ሁሉም ግን በየሳምንቱ ቢያንስ ዐሥር ሰዓት በኮሌጁ ልዩ ልዩ ክፍሎች፥ በቤተ መጻሕፍቱም ጭምር ይሠራሉ። የአሜሪካ መንግሥትም በ1964 ባወጣው ሕግ ድኻ ተማሪዎች እየሠሩ እንዲማሩ ገንዘብ መድቧል። በዚያ አገር ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሚመሰገኑበት ቀን አለ፤ ለተማሪ ሠራተኞችም ለብቻው የሚመሰገኑበት ሳምንት ተወስኗል። እኛም ብንሆን ተማሪ አገልግሎ መማሩን ከባዕድ አገር የሰማነው አይደለም። የቈሎ ተማሪ እንጨት ለቅሞ፥ ውሃ ቀድቶ፥ መምህሩን አገልግሎ ተምሯል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሕዝብን እንዲያገለግሉ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ኮሌጆቻችን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለችግረኛ ተማሪዎች የሰዓት ሥራ ቢሰጡ፥ አሳዳሪ ላጣው ልጅ የሳሙናና የደብተር መግዣ ይሆነዋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም እጅ ያገኛል። ሆኖም ሰዓቱ ትምህርቱን እንዳይጐዳበት በልክ ይሁን፤ ክፍያውም አይዘግይበት።

ምናልባት አንዳንድ ሹማምንት «ሠራተኛው ለሥራው ደመወዝ ይከፈለዋል፤ ከዚህ በላይ ምስጋና ለምን ያስፈልገዋል?» ይሉ ይሆናል። ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ምስጋና የደመወዝ ምትክ ሊሆን አይገባውም፤ የደመወዙን ማነስ በአንድ ወረቀት ለመሸፈን የሚፈልግ አለቃ ሠራተኛውን አላከበረም። ነገር ግን ደመወዝ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው፤ በሰዓቱ ውስጥ ለተጨመረው ትጋት መልሱ መታወቅ ነው። ትጉሁና ሰነፉ በአንድ ዝምታ ከታለፉ ትጉሁ ስንፍናን ይማራል።

ስለዚህ ምስጋናው እንዴት ያለ ይሁን ቢሉ፥ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። መጀመሪያ፥ በየዓመቱ የመጻሕፍቱ ቈጠራ ባለቀበት ሰሞን ይሁን፤ የዓመቱ ሥራ በቍጥር የሚታየው በዚያን ጊዜ ነውና። ሁለተኛ፥ በዝምድና ወይም በወዳጅነት አይሁን፤ የቈጠራው መዝገብ፥ የውሰቱ መዝገብና የአንባቢዎች ምስክርነት ተመርምሮ ይሁን። ሦስተኛ፥ «ሠራተኞችን በሙሉ እናመሰግናለን» ተብሎ በጅምላ አይታለፍ፤ እገሌ ይህን ያህል የተጐዳ መጽሐፍ ጠገነ፥ እገሊት የማታውን ክፍል ያለ ጕድለት ጠበቀች ተብሎ ስምና ሥራ አብሮ ይነገር፤ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞችም አይዘለሉ። አራተኛ፥ ለተማሪው ሠራተኛ የሠራውን ዘርዝሮ የሚናገር፥ ፊርማና ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ይሰጠው። ተመርቆ ሥራ በሚፈልግበት ጊዜ ታማኝነቱን የሚመሰክርለት የመጀመሪያው ወረቀት ይኸው ይሆናልና። አምስተኛ፥ የተመሰገኑት ሁሉ ስም በቤተ መጻሕፍቱ በሚቀመጥ አንድ ቋሚ መዝገብ ይጻፍ፤ በተጠገነውም መጽሐፍ የውስጥ ልባስ ላይ የጠጋኙ ስምና ዘመኑ በትንሽ ወረቀት ይለጠፍ። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ አያስፈልገውም። ስጦታ ቢታሰብም የአዊ አገር በቀርከሃው የታወቀ ስለ ሆነ፥ ባለ እጆቹ ከሚሠሩት የቤት ዕቃ አንዱ ከሩቅ ከሚመጣ ብልጭልጭ ዋንጫ ይልቅ ያምራል።

የአዊ ሕዝብ ይህን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ በጦርነት ጊዜ አርበኛውን ተሸክሞ የዋለውን የፈረስን ውለታ ጭምር ያስባል። ድሉ የፈረሰኛው ቢባልም የተሸከመውን አለመርሳት የአገሩ ልማድ ነው። ተመራቂው ካባውን ለብሶ በአደባባይ በሚታይበት ቀንም በዕውቀት መንገድ ያገዙትን ማሰብ ከዚህ ልማድ የወጣ አይደለም።

የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ሹማምንት የዘንድሮውን ቈጠራ ከማስፈጸማቸው በፊት ይህን ጕዳይ በጉባኤያቸው ቢያዩት፥ ካህናትና መምህራንም በየደብራቸው ዕቃ ቤት መጻሕፍት የሚጠብቁትን አገልጋዮች በዚሁ ዐይን ቢመለከቱ፥ ትርፉ ለሠራተኞቹ ብቻ አይደለም። የተመሰገነ ጠባቂ መጽሐፉን እንደ ራሱ ገንዘብ ያያል፤ መጽሐፉ በደኅና የተጠበቀለት ተማሪም ነገ ለአገሩ የሚረባ ሰው ይሆናል።