የመስታወቱ ኩሬና የሠፈራችን ቢርካ

በጅጅጋ ከተማ በጂላል ወራት ውሃ በጀሪካን እየተቆጠረ በሚገዛበት ጊዜ፣ 60 ሊትር ውሃ በመስታወት ሣጥን ሞልቶ ዓሣ ማኖር ተገቢ ነገር ነውን? ይህን ጥያቄ ብዙ ጓደኞቻችን አቅርበውልናል። ጥያቄው የቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካስረዳን በኋላ መልሱን በመጨረሻው ላይ እንሰጣለን።

በመጀመሪያ ደረጃ መታወቅ ያለበት፣ የዓሣ ሣጥን የቤት ጌጥ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዓሣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ የተባለውን መርዝ ወደ ውሃው ያስወጣል። በአሸዋው፣ በድንጋዩና በቅጠሉ ላይ የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ይህን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም እንደ አሞኒያው ገዳይ ነው፤ ናይትሬት ግን በመጠኑ ሲሆን ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ ዕፀዋቱም ይመገቡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በሚበቃ ቁጥር እስኪራቡ ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያስፈልጋቸዋል።

እኛ ይህን ሳናውቅ ሣጥኑን በሞላንበት ዕለት 8 ዓሣ ጨመርንበት፤ በሳምንቱ መጨረሻ የቀረን አንድ ብቻ ነበር። አንዳንዶቻችን ጥፋቱን በውሃው ላይ አደረግን፤ ነገር ግን ጥፋቱ የችኮላችን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በእኛ ላይ ደረሰ።

ሀ/ ስለ ውሃው

60 ሊትር ማለት 3 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ክብደቱም ከነአሸዋው ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚሆን ጠረጴዛው ጠንካራ ይሁን። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት በሰፊ ባልዲ አንድ ወይም ሁለት ቀን ማሳደር ይገባል። ባልዲው ግን በቀጭን መረብ ይሸፈን፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንገልጻለን።

ሳሙና አረፋ እምቢ የሚልበት፣ በማንቆርቆሪያውም ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ከባድ ውሃ ይባላል። ለልብስ አጣቢ ቢያስቸግርም ለቀንድ አውጣ ግን መልካም ነው፤ ቅርፊቱን የሚሠራው በውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ነውና። ሽሪምፕም ልብሱን በለወጠ ቁጥር አዲሱን የሚያጠነክረው በዚሁ ነው። ጋፒ የተባለችው ትንሽ ዓሣም ከባድ ውሃ ይስማማታል።

ከሁሉ በላይ ሁለት ነገር ከሣጥኑ ይራቅ። አንደኛው መዳብ ነው፤ በአንዳንድ የዓሣ መድኃኒት ውስጥ ስለሚገኝ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይፈጃል። ሁለተኛው እንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው የታወቀ ነው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። እንዶድ የነካ ባልዲ ወይም እጅ እንግዲህ ወደ ሣጥኑ አይቅረብ።

ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል። ጋፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ትወዳለች፤ ቀዩ ሽሪምፕና ዜብራ ዳኒዮ የተባለው ዓሣ ግን እስከ 18 ዲግሪ ይችላሉ። ማሞቂያ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰው የኋለኞቹን ይምረጥ፤ ሌሊትም ሣጥኑን በጋቢ ይጠቅልል።

ለ/ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል

መጀመሪያ ዕፀዋቱ ይገባሉ። ሥር የሌለውና በውሃ ውስጥ ተንሳፎ የሚያድገው ሴራቶፊሉም ለጀማሪ የሚስማማ ነው፤ በአገራችን ሐይቆችም ይገኛል። ብርሃን በቀን 8 ሰዓት ይበቃዋል። ሣጥኑን ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው መስኮት ሥር ማኖር ውሃውን በአረንጓዴ አልጌ መሙላት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ 4 ወይም 5 ቀንድ አውጣ ይጨመራል። አልጌውንና የበሰበሰውን ቅጠል ይበላሉ። ቁጥራቸው በድንገት ከበዛ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም፤ እኛ ምግብ አብዝተናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ቀንድ አውጣ ከወንዝ ወይም ከመስኖ ቦይ አይለቀም። ቡሊነስና ባዮምፋላሪያ የተባሉት የቢልሃርዝያ አስተላላፊዎች ናቸው፤ የሽንት ቢልሃርዝያም በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ የታወቀ በሽታ ነው። በሽታው ቀንድ አውጣው ባለበት ውሃ በቆዳ በኩል ይገባል። ስለዚህ በሣጥን ውስጥ ከተራቡት ብቻ ይወሰድ።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሞላና በመለኪያው ናይትራይት ዜሮ ሲሆን 10 ያህል ሽሪምፕ ይገባል። ሽሪምፕ የውሃ ለውጥ ያስደነግጠዋል፤ ስለዚህ የሣጥኑን ውሃ በመጣበት ዕቃ ላይ ጠብ ጠብ እያደረጉ አንድ ሰዓት ያህል ማለማመድ ይገባል። በማግሥቱ ነጭ ባዶ ልብስ ወለሉ ላይ ቢታይ ሞተ ብላችሁ አትዘኑ፤ ልብሱን ለውጦ ነው።

ዓሣ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ለ60 ሊትር ከ8 እስከ 10 ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። ጋፒ በየወሩ ገደማ በርካታ ጫጩት ስለምትወልድ ወንዶቹን ብቻ መያዝ ብልህነት ነው። ዓሦቹ የሽሪምፕን ጫጩት ይበላሉ፤ ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ካለ ግን ብዙዎቹ ተሸሽገው ይተርፋሉ። ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሁን።

ሐ/ ከመስታወቱ ወደ ቢርካው

ባልዲው ይሸፈን ያልነው ስለዚህ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ የመጣችው ከእስያ ነው፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. በቀብሪ ደሃር ነው። ከዚያ ወዲህ በጅጅጋ፣ በደገሃቡር፣ በጎዴና በድሬዳዋ ተገኝታለች፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ ሲነሣም እጅ እንዳለባት ታውቋል። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትጠብቅም። በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በሮቶና በቢርካ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። የሐውድ ሕዝብ ደግሞ የዝናቡን ውሃ ለበጋ የሚያቆየው በቢርካ ነው፤ ቢርካውን እንደ ረግረግ አድርቀው የሚተዉት አይደለም።

ዓሣ ለዚህ መላ መሆኑ ተሞክሯል። በሰሜን ሶማሊያ በቢርካዎች ውስጥ ስፒሉሩስ የተባለው የቆሮሶ ዘመድ ተጨምሮ የትንኝ እጭ እንደ ቀነሰ የሚገልጽ ጥናት በ1985 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በአሰብም አፋኒዩስ ዲስፓር በተባለው የአካባቢው ትንሽ ዓሣ ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሁለቱም የተጠቀሙት በባዕድ ዓሣ ሳይሆን በአካባቢው በሚገኝ ዓሣ ነው፤ ይህም ሊጤን የሚገባው ነው።

እንግዲህ ማንም ተማሪ የሣጥን ጋፒውን ወስዶ በጎረቤቱ ቢርካ ወይም በወንዝ ውስጥ እንዳይጨምር አደራ እንላለን። ቢርካው የሰው መጠጥ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈቅድና የጤና ባለሙያ ሳይመክር አይነካም። ባዕድ ዓሣም ወንዝ ከገባ የሚመልሰው የለም። እኛ ልናደርግ የምንችለው ማሳየት ነው። ሁለት ማሰሮ ውሃ አቅርቡ፤ በእያንዳንዱ 10 እጭ፣ በአንደኛው ብቻ አንድ ዓሣ ጨምሩ፤ ሁለቱንም በመረብ ሸፍኑ። ዓሣ ያለበት ማሰሮ ባዶ ሲሆን ያየች እናት በርሜሏን እንድትከድን ብዙ ስብከት አያስፈልጋትም። ሙከራው ሲያልቅም የተረፈው እጭ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሣጥኑ ከሞላ በኋላ በሳምንት የሚቀየረው ሩቡ፣ ማለት 15 ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን አይሞላም። የሚወጣውም ውሃ ናይትሬት ስላለበት ለፓፓያና ለጎመን መልካም ማዳበሪያ ነው። ይሁን እንጂ ውሃ በሌለበት ሳምንት ከሰው ጉሮሮ ነጥቆ ለዓሣ መስጠት አይገባም። በቂ ዕፀዋት ያለውና ዓሣው ያልበዛበት ሣጥን ምግቡ ከተቀነሰለት ሁለትና ሦስት ሳምንት ሳይቀየር ይቆያል፤ የተነነውን ብቻ መሙላት ይበቃል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ሣጥን ባይጀምር ይሻላል። የሚችል ግን ይጀምር፤ በአንድ ክንድ መስታወት ውስጥ የተማረው ሰው የሠፈሩን በርሜል በሌላ ዓይን ያያልና።