ባለቤቱ እስኪመጣ

አሜሪካ ውስጥ መንገድ ላይ ሲንከራተት የተገኘ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው ወደ ከተማው ወይም ወደ ካውንቲው የእንስሳት መጠለያ ነው። እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ሼልተር» የሚሉት ይኸው ነው። ከደጅ ሲያዩት የውሻ ጩኸት የበዛበት ተራ ሕንፃ ይመስላል። ሥራው ሁሉ የቆመው ግን ለሕዝብ በገባው አንድ ቃል ላይ ነው፤ እዚህ የገባ እንስሳ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ካልመጣም ሌላ ቤት ይፈለግለታል። ይህ ቃል በአንድ ወቅት በሕግ ተሽሮ ነበር።

የመጠለያው አያት የከብት በረት ነው። የኒው ኢንግላንድ የቀድሞ መንደሮች በድንጋይ የታጠረ የጋራ በረት ነበራቸው፤ የሰው እርሻ የገባ ከብት እዚያ ይዘጋበታል፣ ባለቤቱ የጥፋቱን ከፍሎ ያስፈታዋል። እህል የበላ በሬ አስሮ ካሳ ለሚጠይቀው የእኛ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በሬ ዋጋ ስላለው ባለቤቱ መምጣቱ አይቀርም። የከተማ ውሻ ግን ፈላጊ አልነበረውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኒውዮርክ የእብድ ውሻ በሽታን ፈርታ በየበጋው ውሾችን ታስለቅም ነበር፤ ለቃሚዎቹ የሚከፈላቸው በያንዳንዱ ውሻ ስለነበረ ከሰው ደጃፍ የሚሰርቁም ነበሩ። ጠያቂ ያጡት በብረት ሳጥን ታጭቀው ወንዝ ውስጥ ይሰጥሙ ነበር።

ይህን የለወጡት በተለይ የፊላደልፊያ ሴቶች ናቸው። ካሮላይን ኧርል ኋይት ለእንስሳት የሚቆረቆር ማኅበር እንዲመሠረት ብዙ ደክማ ሳለ፣ ሴት በመሆኗ የአመራር ቦታ አላገኘችም። እ.ኤ.አ. በ1869 ከጓደኞቿ ጋር የማኅበሩን የሴቶች ክፍል አቋቋመች፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው የሚባለውን የውሻ መጠለያም እነሱ ከፈቱ። ብዙ ሳይቆይ ሲላስ ዊር ሚቸል የተባለ ስመ ጥር ሐኪም ፈላጊ ያጡት ውሾች ለምርምር ይሰጡኝ ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ እምቢ አሉ። እኔ የመጠለያን ታሪክ ከዚህ እምቢታ መቁጠር ይቀለኛል፤ ቤቱ ምን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልሆነም ያን ቀን ተለይቷልና።

ጥያቄው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኃይል አግኝቶ ተመለሰ። መንግሥት ለሕክምና ምርምር የሚያወጣው ገንዘብ ሲበዛ ላቦራቶሪዎች ብዙ ውሻና ድመት ፈለጉ። ሚኒሶታ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ኒውዮርክ ደግሞ በ1952 ባወጡት ሕግ በሕዝብ ገንዘብ የሚረዱ መጠለያዎች ፈላጊ ያጡ እንስሳትን ለምርምር እንዲያስረክቡ አስገደዱ። ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏቸው።

የተመራማሪዎቹ ክርክር የሚናቅ አልነበረም። ኢንሱሊን የተገኘው በውሾች ላይ በተደረገ ሙከራ ነው፤ የልብ ቀዶ ሕክምናም ብዙ የተማረው ከውሾች ነው። ፈላጊ አጥቶ ለማንኛውም የሚገደል ውሻ ሰው ቢድንበት ምን ክፋት አለው? ይሉ ነበር። ክርክሩ የዘነጋው እንስሳውን ወደ መጠለያው ይዞ የሚመጣውን ሰው ነው። ያገኘው ውሻ ነገ ላቦራቶሪ እንደሚገባ ያወቀ ሰው ውሻውን መንገድ ላይ ትቶት ያልፋል። ታሞ ወይም ቤት አጥቶ ውሻውን ማኖር ያቃተውም ወደ ጫካ ወስዶ ይለቀዋል። እንስሳ የማይመጣበት መጠለያ ደግሞ ለጠፋበት ሰውም፣ የእብድ ውሻ በሽታን ለሚቆጣጠረው ጤና ጥበቃም አይጠቅም።

ደላሎችም ገቡበት። ከመጠለያ በርካሽ የገዙትን፣ ከየመንገዱ የለቀሙትንና የሰረቁትን ቀላቅለው ለላቦራቶሪ ይሸጡ ጀመር። በ1965 ፔፐር የምትባል የፔንሲልቬንያ ውሻ ከባለቤቶቿ እርሻ ተሰረቀች፤ ሲፈልጓት ሰንብተው አንድ የኒውዮርክ ሆስፒታል ውስጥ በሙከራ ላይ መሞቷን ሰሙ። በዓመቱ ላይፍ መጽሔት የደላሎቹን ግቢ በፎቶግራፍ ሲያወጣ አገር ተቆጣ፤ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም በነሐሴ 1966 የላቦራቶሪ እንስሳትን የሚመለከተውን የመጀመሪያ የፌዴራል ሕግ ፈረሙ። ኒውዮርክ አስገዳጅ ሕጓን በ1979 ሻረች። ማሳቹሴትስ በ1983 ከራሷ መጠለያዎች መውሰድን ብቻ ሳይሆን ከሌላ ግዛት መጠለያ አስመጥቶ መጠቀምንም ከለከለች። በ1990 ደግሞ የፌዴራል ሕግ መጠለያዎች ውሻና ድመትን ቢያንስ 5 ቀን ሳያቆዩ ለደላላ እንዳይሸጡ አዘዘ።

የዛሬው ጥበቃ የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። ለገባው ውሻ ወዲያው ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ተላላፊ በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ይሰጠዋል፤ ክትባቱ ለነገ ቢባል አንድ የታመመ ቡችላ ቤቱን በሙሉ ሊበክል ይችላል። ከዚያ ማይክሮቺፕ ይፈለግበታል። ቺፑ የሩዝ ፍሬ ያህላል፤ ከትከሻ መካከል ቆዳ ሥር ይቀበርና አንዳንዴ ወደ እግር ይንሸራተታል፤ ጥሩ ሠራተኛ መላ ሰውነቱን ደጋግሞ በስካነር የሚዳስሰው ለዚህ ነው። ቺፑ የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ የባለቤቱ ስምና ስልክ ያለው ቺፑ የተመዘገበበት ድርጅት ዘንድ ነው። ስልክ ሲቀየር መዝገቡን የማያሳድስ ባለቤት ውሻው ቺፕ እያለውም ሊያጣው ይችላል።

የማቆያው ቀን እንደየግዛቱ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ከ3 እስከ 7 ቀን ነው፣ ምልክት ላለው እንስሳ የሚረዝምበትም አለ። ውሻዬ ነው ብሎ የሚመጣ ሰው ፎቶግራፍ ወይም የክትባት ወረቀት ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ አንዳንዱን ያስቀይማል፤ ግን ውሻን በስም ጠርቶ መውሰድ ሌባም አያቅተውም።

ዛሬ ቤቱን የሚጎዳው ያለአግባብ አጠቃቀም ከላቦራቶሪ ይልቅ ከጎረቤት የሚመጣው ነው። በሌሊት ከአጥሩ ጋር ታስረው የሚተዉ ውሾችና በካርቶን ተዘግተው የሚጣሉ ድመቶች ዕድሜያቸውም ሕመማቸውም ሳይታወቅ ጎጆ ይይዛሉ፤ ጎጆ ሲሞላ የሌላው የመቆያ ጊዜ ያጥራል። እንስሳውን ማስረከብ የፈለገ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ ቢይዝ ሠራተኛው ቦታ ያዘጋጃል፣ የባሕርዩንና የሕክምናውን ታሪክ ይመዘግባል፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የመኖ ወይም የሕክምና ወጪ ሆኖ ይገኝና እንስሳው እዚያው ቤቱ ሳለ ይረዳል።

የላቦራቶሪው በር በሁሉም ግዛት በሕግ አልተዘጋም፤ ውሳኔው ለከተማው ወይም ለካውንቲው የተተወበት ቦታ አለ። መጠለያው በግብር ገንዘብ የሚተዳደር ከሆነ ከከተማው ጋር ያለው ውል የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ነዋሪ የሆነ ሁሉ ሊያየውና እንስሳት ለማን እንደሚተላለፉ ስለሚናገረው አንቀጽ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሊጠይቅ ይችላል።