29 በሽተኞች፣ ሩብ ሚሊዮን ዶላር

ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃቸው ሁለት ዓይነት ሂሳቦች አሉ። አንዱ የጨው ሂሳብ ነው፤ ትርፉ በኪሎ ሳንቲም ቢሆንም ብዛቱ ይክሰዋል። ሌላው የወርቅ ቤት ሂሳብ ነው፤ በቀን አንድ ደንበኛ ከገባ ይበቃል። በመድኃኒት ንግድም እንዲሁ ነው። የራስ ምታት ክኒን የጨው ሂሳብ ሲሆን፣ ከመቶ ሺዎች መካከል አንድ ሰው ብቻ ለሚይዘው በሽታ የሚሠራ መድኃኒት ደግሞ የወርቅ ቤት ሂሳብ ነው። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ገንዘባቸውን ያዋሉ ሰዎች በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ንግድ አትርፈውበታል፣ ከስረውበታልም። ለምሳሌ የሚሆነን ከዘር የሚወረሰው ከባድ የኮሌስትሮል በሽታ ነው።

ኤል.ዲ.ኤል የሚባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ከደም እየለቀመ የሚያስወግደው ጉበት ነው። ይህንንም የሚያደርገው በሕዋሶቹ ላይ ባሉ «ተቀባዮች» አማካይነት መሆኑን ያረጋገጡት በዳላስ፣ ቴክሳስ የሠሩት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ከ250 ሰዎች አንዱ ገደማ ነው። ከእናትም ከአባትም የወረሰ ግን ከ300 ሺህ ሰዎች አንድ ቢገኝ ነው። በነዚህኞቹ ላይ ኤል.ዲ.ኤል በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ400 ሚሊ ግራም በላይ ይደርሳል፤ የጤነኛ ሰው 100 ገደማ ነው። ልጆቹ ገና ትምህርት ቤት ሳሉ የልባቸው ደም ሥር መጥበብ ይጀምራል። ሕክምና ካላገኙ ብዙዎቹ 30 ዓመት አይሞላቸውም።

በየፋርማሲው የሚሸጡት ስታቲን የተባሉት ክኒኖች የሚሠሩት ጉበት ተቀባዮቹን እንዲያበዛ በማድረግ ነው። ተቀባዩ ራሱ ከተበላሸ ግን ቢበዛም እምብዛም አይረባ። በዚህም ምክንያት ብዙዎቹ ሕሙማን በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ደማቸውን በመሣሪያ ሲያሳጥቡ ኖረዋል። የኩባንያዎቹ ዓይን ያረፈው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ጥቂት በሽተኛ ባለበት አዲስ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል? እዚህ ላይ የአምጀን ኩባንያ መርፌ የሆነው ሬፓታ ጥሩ ማነፃፀሪያ ነው። መድኃኒቱ ተራ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የልብ ድካምንና የአንጎል ምትን መቀነሱን ለማሳየት 27,564 ሰዎች ያስፈለጉ ሲሆን፣ ውጤቱ በ2017 ታውቋል። ከሁለቱም ወላጅ ለወረሱት ግን ፈተናው የተደረገው በ49 ሰዎች ብቻ ነው። ልዩነቱ የመጣው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለብርቅዬው በሽታ የኤል.ዲ.ኤልን መውረድ ብቻ እንደ በቂ ማስረጃ ስለሚቀበል ነው። የሚሞተውን መቁጠር አያስፈልግም፤ ደም መለካት ይበቃል፤ ስድስት ወር ገደማም ይበቃል። በዚህ ላይ የ1983 የአሜሪካ ሕግ፣ «ወላጅ አልባ» ለሚባሉት የብርቅዬ በሽታ መድኃኒቶች፣ የ7 ዓመት ብቸኛ የመሸጥ መብትና የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ሙከራው ርካሽ፣ ተወዳዳሪው ጥቂት፣ ዋጋው እንደልብ! ባለ አክሲዮኖች የጎመጁት ወደው አይደለም።

ኤጀሪየን የተባለው ትንሽ ኩባንያ የገባው በዚህ በር ነው። ሎሚታፓይድ የተባለውን ኬሚካል ያገኘው ታላቁ ብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ነበር። ሆኖም ጉበት ላይ ስብ እያጠራቀመ ስላስቸገረው ለብዙ ሕዝብ አይሸጥም ብሎ ተወውና ለፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠው። ኤጀሪየን ከዩኒቨርሲቲው ወስዶ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በጣሊያንና በደቡብ አፍሪካ በ29 በሽተኞች ላይ ሞከረው። የማነፃፀሪያ ቡድን አልነበረም። ከ29ኙ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 23 ሲሆኑ፣ በነዚህ ላይ ኤል.ዲ.ኤል በ26 ሳምንት በግማሽ ወርዷል። መድኃኒቱ በታኅሣሥ 2012 ተፈቀደ። የዓመት ዋጋው ሩብ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሆነ። በ2010 በ9 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለገበያ የወጣው አክሲዮን በ2013 እስከ 100 ዶላር ገደማ ወጣ።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። በወቅቱ የነበረው ግምት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ በሽተኛ የሚል ስለነበር በመላው አሜሪካ የሚገኙት 300 ገደማ ናቸው ማለት ነው። ሁሉም ቢገዙ በዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ኩባንያው ግን ለባለሀብቶች የነገረው 3 ሺህ በሽተኞች እንዳሉ ነበር፤ ይህ 750 ሚሊዮን ዶላር ነው። አክሲዮኑን 100 ዶላር ያደረሰው ይህች አንዲት ዜሮ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ግምቱ ከፍ ብሎም እንኳ 3 ሺህ አይሞላም።

ታዲያ ገዢው ከየት ይምጣ? ኩባንያው መድኃኒቱን በሽታው ለሌለባቸው ሰዎች ጭምር እንዲታዘዝ ገፋፍቷል ተብሎ ተከሰሰ፤ በ2017 ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት በ2015 ሬፓታ በዓመት 14,100 ዶላር ዋጋ ገበያ በመግባቱ፣ ጉድለታቸው ቀለል ያለው ደንበኞች ወደዚያ ሄደዋል። ኤጀሪየን በ2019 የኪሳራ ከለላ ጠይቆ በአምሪት እጅ ወደቀ። አምሪትን ደግሞ በ2023 የጣሊያኑ ኪየዚ ገዛው። መድኃኒቱ ራሱ አልሞተም፤ የከሰረው የተጋነነውን ቁጥር አምኖ አክሲዮን የገዛው ነው።

የሪጄነሮን ኩባንያ ኤቭኪዛ በ2021 ሲፈቀድ ከዚህ የተሻለ መሠረት ነበረው። በ65 ሰዎች ላይ፣ ከማነፃፀሪያ ቡድን ጋር ተፈትኖ ኤል.ዲ.ኤልን በ47 በመቶ አውርዷል። ተቀባዩን ሳይጠብቅ በሌላ መንገድ ስለሚሠራ ተቀባያቸው ፈጽሞ ለማይሠራው ሕሙማንም ይረዳል። ዋጋው በዓመት 450 ሺህ ዶላር ገደማ ነው።

አሁን ገበያውን የሚያነጋግረው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ፣ በጉበት ውስጥ ያለውን ዘር የሚያርም ሕክምና ነው። ቨርቭ የተባለው ኩባንያ በ2021 አክሲዮኑን በ19 ዶላር ለገበያ አቅርቦ፣ ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ በወረሱት፣ ማለትም በብዙኃኑ ላይ መሞከር ጀመረ። የመጀመሪያው ምርት በአንድ ታካሚ ላይ ባሳየው የደምና የጉበት ምርመራ መዛባት ምክንያት በ2024 ቆመ። የሁለተኛው ምርት የመጀመሪያ ውጤት በሚያዝያ 2025 ሲገለጽ፣ በከፍተኛው መጠን የታየው አማካይ ቅናሽ 53 በመቶ ነበር። ይህን መጠን የወሰዱት ግን 4 ሰዎች ብቻ ናቸው። በዚያው ዓመት ኢላይ ሊሊ ኩባንያውን ሲገዛ በአንድ አክሲዮን በጥሬው የከፈለው 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ሲሆን፣ ቀሪው እስከ 3 ዶላር የሚከፈለው መድኃኒቱ በአሜሪካ በሦስተኛው ደረጃ ሙከራ ለመጀመሪያው በሽተኛ በ10 ዓመት ውስጥ ከተሰጠ ብቻ ነው።