የጣት አሻራን ከተመረዘ ሥፍራ ስለ ማንሣት

መርማሪ ፖሊስ በቀጭን ብሩሽ ዱቄት እየነሰነሰ የጣት አሻራ ሲፈልግ በሲኒማ ያላየ አንባቢ ጥቂት ነው። እኛ ግን መርዝ ወይም የበሽታ ዘር ስለ ተበተነበት ሥፍራ ለመጻፍ በተነሣን ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ መቅረት ያለበት ይኸው ብሩሽ ሆኖ አገኘነው። ብሩሹ የሚያስነሣው ብናኝ የመርማሪውን ሳንባ ያገኛልና።

በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአባ ሰንጋ ዘር በደረቅ ዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ በደብዳቤ ለጋዜጠኞችና ለሁለት የሴናት አባሎች ተላከ። 5 ሰዎች ሞቱ፤ ሌሎች 17 ታመሙ። ከሞቱት መካከል ሁለቱ ደብዳቤውን ያልከፈቱ የዋሽንግተን ፖስታ ሠራተኞች ነበሩ። አባ ሰንጋን የአገራችን ከብት አርቢ በሚገባ ያውቀዋል፤ ከብት የሞተበት መሬት ለብዙ ዓመት የሚያሰጋውም ባክቴሪያው ኑሮ ሲከፋበት ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ሽፋን ወዳለው ዘር ስለሚለወጥ ነው። ስፖርን አልኮል አይገድለውም።

ታዲያ ፖስታውን አስቀድሞ በመድኃኒት አጽድቶ አሻራውን ኋላ መፈለግ አይሻልምን? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የሚገኘው ከአሻራው ጠባይ ነው። ጣት ወረቀት ሲነካ ከላቡ ጋራ ጥቂት አሚኖ አሲድ ይተዋል፤ ይህም በወረቀቱ ክሮች ተይዞ ለብዙ ጊዜ ይቆያል። ኒንሃይድሪን የተባለው ኬሚካል አሚኖ አሲዱን ሲያገኝ ወይን ጠጅ ቀለም ያወጣል። ለአሻራ ሥራ እንዲውል በ1954 እ.ኤ.አ. ሐሳብ ያቀረቡት ሁለት የስዊድን ሊቃውንት ናቸው።

ስፖርን ከሚገድሉት አንዱ ፎርማልዴሃይድ ነው። እንግሊዞች በ1942 እ.ኤ.አ. አባ ሰንጋን የሞከሩባት ግሩናርድ የተባለችው የስኮትላንድ ደሴት በ1986 የጸዳችው በዚሁ ነው። ዳሩ ግን ፎርማልዴሃይድ የሚጣበቀው ኒንሃይድሪን ሊይዘው በሚፈልገው በዚያው በአሚኖው ክፍል ላይ ነው። ወረቀቱ ይጸዳል፤ አሻራው ግን ተሸፍኖ ይቀራል። በረኪናማ አሚኖ አሲዱን ራሱን ያፈርሰዋል። ጨረር ወረቀቱን ቢጫ አድርጎ ቢያደርቀውም ለኒንሃይድሪን የሚሆነውን በአብዛኛው ይተዋል፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው በየሥፍራው የሚገኝ አይደለም።

ስለዚህ አሻራውን ማውጣት ከማጽዳት መቅደም አለበት፤ ሥራውም ከነመርዙ ነው። ዕቃው በሥፍራው ታሽጎ ለዚሁ ወደ ተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ይወሰዳል። በ2001 ከተላኩት ደብዳቤዎች አንዱ ሳይከፈት ስለ ተገኘ በፎርት ዴትሪክ ቤተ ሙከራ በጥንቃቄ ተከፍቷል። ሠራተኛው መስተዋት ባለው በተዘጋ ሣጥን ላይ በተገጠመ ወፍራም ጓንት እጁን አስገብቶ ይሠራል፤ አየሩም በማጣሪያ ካላለፈ አይወጣም። ኒንሃይድሪን በፈሳሽ ስለሚሰጥ እንደ ብሩሽ ብናኝ አያስነሣም፤ ስፖሩን ግን አይገድለውም፤ የሚሟሟበትም ፈሳሽ ብዙ ጊዜ እሳት የሚይዝ ስለሆነ በዝግ ሣጥን ውስጥ ሌላ አደጋ ያመጣል። ዕቃው ብርጭቆ ወይም ፕላስቲክ ሲሆን የሱፐር ግሉ እንፋሎት ሳይነካው አሻራውን ነጭ ያደርገዋል። ቀለሙ ሲወጣ በመስተዋቱ በኩል ፎቶግራፍ ይነሣል። ከሣጥኑ የሚወጣው ሥዕሉ እንጂ ዕቃው አይደለም። ከዚህ በኋላ ፖስታው በፎርማልዴሃይድ ቢታጠን አሻራው በፎቶግራፉ ላይ ይኖራል።

ከሁሉ የሚከብደው መርዙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲገባ ነው። በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ከተማ ኖቪቾክ የተባለው የነርቭ መርዝ በአንድ ቤት የበር እጀታ ላይ ተቀባ። አሻራ የሚፈለግበትና መርዙ ያለበት አንድ ሥፍራ ሆነ ማለት ነው። መከላከያ ልብስ ለብሶ ቤቱን የፈተሸ አንድ ፖሊስ በጽኑ ታመመ፤ የእጀታው ነገር የታወቀው ግን ከዚያ በኋላ ነበር። በእኛ አስተያየት እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ጊዜ መመርመሪያ የያዘ ኬሚስት ከአሻራ አንሺው ቀድሞ ሊገባ ይገባዋል፤ ጓንቱና ጭምብሉም እርሱ ባገኘው መርዝ ዓይነት ይመረጥ። ይህ ጥቂት ሰዓት ቢያስቆይ፥ በሩን ሌላ ሰው እንዳይነካው ዘብ ማቆም ይበቃል።