የጎማ ትልቅነትና የማርሽ ኀይል

ከጥርጊያ መንገድ ወጥቶ ድንጋይና ጭቃ ለሚያቋርጥ መኪና ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚመኘው ትልቅ ጎማ ነው። ምኞቱ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ጎማና ማርሽ አብረው ካልታሰቡ በአንዱ የተገኘው ጥቅም በሌላው ይጠፋል።

ለምሳሌ ጎማው ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ የዲፈረንሻሉ ጥርስ 4.10 የሆነ ላንድክሩዘር እንውሰድ። ይህም ማለት ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው 1 ጊዜ ይዞራል። የ88 ሳንቲ ሜትር ጎማ ቢገጠምለት፣ የዲፈረንሻሉ ከፍታ የሚጨምረው 8 ሳይሆን 4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዘንጉ ያለው በጎማው መካከል ነውና። በአንጻሩ ጎማው መሬትን የሚገፋበት ኀይል ከመቶ 9 እጅ ያህል ይቀንሳል። የፍጥነት መቁጠሪያውም 60 ሲያሳይ መኪናው በእውነቱ በ66 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

ትልቁ አደጋ ግን በቁልቁለት ነው። ጭነት ይዞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ መኪና በከባድ ማርሽ መያዝ አለበት። ጎማው ሲተልቅ የሞተሩ መያዣ ኀይል በዚያው መጠን ይላላል፤ ሸክሙ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ እጅግ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም።

መፍትሔው ቀላል ስሌት ነው። ጎማው 1.1 እጥፍ ካደገ ጥርሱም በ1.1 ይባዛል፤ 4.10 ወደ 4.51 ይደርሳል። በገበያ ለዚህ የሚቀርበው 4.56 ነው፤ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ግን አብረው መለወጥ አለባቸው። ይህን ወጪ የማይችል ሰው በፋብሪካው ልክ ቢጸና ይሻለዋል፤ በአሸዋ ላይ የጎማውን ነፋስ ጥቂት ቀንሶ፣ ወደ ደረቅ መንገድ ሲመለስ መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።