ግግር በረዶ ከስሜን ሲሄድ የተወው

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ቧሂት የሚወጣ እንግዳ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ብዙ ይሰማል፤ ስለሚረግጠው ድንጋይ ግን የሚነግረው ጥቂት ነው። ስሜን በረዶ ለብሶ ያውቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ከሺህ ዓመት በላይ ሲነሳ ኖሯል። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከአዱሊስ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ አንድ ንጉሥ ወደ ስሜን ሲዘምት ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት አመዳይ እንደነበረ ይናገራል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያየው ጀምስ ብሩስ በኢትዮጵያ አመዳይ የለም ብሎ ካደ። በ19ኛው መጀመሪያ የመጣው ሄንሪ ሶልት ደግሞ የስሜን ተራሮች ነጭ ለብሰው ማየቱን መሰከረ። ክርክሩ የረዘመው ሁለት ነገር ስለተምታታ ይመስለኛል። ዛሬም በራስ ደጀን ላይ አመዳይ ይጥላል፣ ውርጭም ይመታል፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን ይቀልጣል። ከዓመት ዓመት ተከማችቶ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚንሸራተት ግግር በረዶ ግን ሌላ ነገር ነው። የዚህን መኖር የሚመሰክረው የመንገደኛ ዓይን ሳይሆን መሬቱ ነው።

ስዊድናዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ኤሪክ ኒልሰን በ1940፣ የስዊዘርላንዱ ሐንስ ሁርኒ ደግሞ በ1982 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጥናቶች በስሜን ከፍታዎች የግግር በረዶ አሻራ መዝግበዋል። አሻራው ቀረብ ብሎ ላየው ግልጽ ነው፤ ከአናቱ ሥር እንደ ወንበር የተቦረቦረ ገደል፣ ከፊቱም ትልቅ ቋጥኝ፣ ጠጠርና ዱቄት የመሰለ አፈር ሳይለይ ተደባልቆ የተከመረበት ጠመዝማዛ ጉብታ። ይህ የወንዝ ወይም የናዳ ሥራ ሊሆን አይችልም ወይ? ወንዝ ድንጋይን ያሞልላል፣ ከባዱንና ቀላሉንም ይለያል፤ እዚህ ግን ሁሉም እንደተደባለቀ ነው። ናዳም ቢሆን እንዳገኘው ይወርዳል እንጂ በተለያዩ ተራሮች ላይ ተቀራራቢ ከፍታ መርጦ፣ በተቦረቦረ ገደል ፊት ብቻ አይከመርም።

ከበድ ያለው ጥያቄ የአየሩ ጠባይ ነው። ግግር በረዶው የነበረበት ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ ነበር፤ ጣና እንኳ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ያሳያል። ዝናብ ካነሰ በረዶው ከየት መጣ? መልሱ ቅዝቃዜው ነው፤ ሁርኒ ከዛሬው በ7 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝ እንደነበር ገምቷል። ጥቂት ቢጥልም የሚቀልጠው ከዚያ ካነሰ ይከማቻል። ደግሞም ስሜን ብቻውን አይደለም። በባሌ ዕድሜያቸው የተለካ ቋጥኞች ግግር በረዶው እጅግ የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት መሆኑን አሳይተዋል።

በደቡብ ዋልታ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የሶቪየት ተመራማሪዎች የደረሱበት የጋምቡርትሴቭ ሰንሰለት እስከ ዛሬ በግግር በረዶ ሥር የተቀበረ ነው፤ ቅርጹ የታወቀው በራዳርና በመሬት ስበት ልኬት ነው። እዚያ መዝገቡን በረዶው ራሱ ይጠብቀዋል። የስሜን መዝገብ ግን ክፍት ነው፤ ማንም ሊያነበው ይችላል፣ ማንም ሊያጠፋውም ይችላል።

ለገበሬው ይህ ምን ይጠቅመዋል የሚል ካለ መልሱ ከእርሻው ነው። በደባርቅና በዳባት ገብስና ባቄላ የሚያበቅለው የተዳፋቱ ጥቁር አፈር አየሩ ከሞቀ ወዲህ በሺዎች ዓመታት የተሠራ ነው። ሁርኒም በስሜን አጥብቆ ያስጠነቀቀው፣ በታረሰ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የሚታጠበው አፈር ከሚፈጠረው እጅግ እንደሚበልጥ ነው። የተከለለው የስሜን ፓርክ በ1978 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዝናው በገደሉና በዱር አራዊቱ ነበር፤ የበረዶው ጉብታና አፈሩ ግን እኩል ጥበቃ ይገባቸዋል። የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቧሂት ያውጡ፤ አስጎብኚዎችም ጉብታውን ከዋልያው ጋር ያሳዩ፤ እርከን የሚሠራው ገበሬም ደጋፊ ይኑረው። የታጠበ አፈር በአንድ ሰው ዕድሜ አይመለስም።