የካምደኑ ቡድን

ከፊላዴልፊያ ተነስቶ የዴላዌርን ወንዝ የተሻገረ ሰው ካምደን ይገባል። የካምቤል ሾርባ ከተማ ናት። ትልቁ የመርከብ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ሲዘጋ ሥራው ሄደ፤ ድህነቱ ቀረ። ጄፍሪ ብሬነር የተባለ የቤተሰብ ሐኪም በ2002 የከተማዋን ሐኪሞች ቁርስ ላይ እየሰበሰበ ማነጋገር የጀመረው እዚሁ ነው። የካምደን ጥምረት የተባለው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ቁርስ ነው።

ብሬነር የከተማዋን ሆስፒታሎች የሂሳብ መዝገብ አሰባስቦ ካርታ ላይ አሰፈረው። ከመቶ ታካሚ አንዱ ብቻውን የወጪውን 30 በመቶ ይወስድ ነበር። በሁለት ሕንፃዎች የሚኖሩ 900 ያህል ሰዎች በስድስት ዓመት ተኩል ከ4,000 ጊዜ በላይ ሆስፒታል ተመላልሰዋል፤ ሂሳቡም ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ሕክምና የተትረፈረፈላቸው ይመስላል። ግን ስኳሩን የሚያየው ሌላ፣ ልቡን የሚያየው ሌላ ነው፤ ሱሱንና የቤት ኪራዩን ደግሞ ማንም አያይም።

ለዚህ ነው ነርስ፣ ማኅበራዊ ሠራተኛና የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በአንድ ቡድን የተሰለፉት። ታማሚውን የሚተዋወቁት ገና አልጋ ላይ ሳለ ነው፤ ሲወጣም ቤቱ ድረስ ይከተሉታል። መጀመሪያ መድኃኒቱን ያስወጡታል። ከመሳቢያውም ከፌስታሉም የተገኘው ብልቃጥ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይደረደርና ሆስፒታሉ ከሰጠው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል። የቱ እንደቀረ፣ የቱ እንደተደገመ የሚታወቀው ያኔ ነው። ቀጠሮ ማስያዙ፣ ሐኪም ዘንድ አብሮ መሄዱ፣ የድጎማ ቅጽ መሙላቱ ይከተላል፤ ሁሉም ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደጁን ስታንኳኳ እያየ ላደገ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ተወራለት፤ ብሬነርም በ2013 የማክአርተር ሽልማት ተሰጠው።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ሙገሳው ሳይበርድ ሥራቸውን ለፈተና አቀረቡ። 800 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ቡድኑ ተመደበለት፣ ግማሹ በተለመደው ሕክምና ቀጠለ። ውጤቱ በ2020 መጀመሪያ ታተመ። በ180 ቀን ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል የተኙት ቡድኑ ከያዛቸው 62.3 በመቶ፣ ካልያዛቸው 61.7 በመቶ ሆኑ። ቀድሞ የቡድኑ ፍሬ መስሎ የታየው የሆስፒታል ምልልስ መቀነስ ቡድኑ ያልደረሰባቸውም ላይ ታየ። ሰው ሆስፒታል የሚያዘወትረው በክፉ ጊዜው ነው፤ ክፉ ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጋብ ይላል።

ቡድኑ ሰንፎ ነው እንዳይባል፣ ሥራው ከባድ ነበር። እቅዱ በ5 ቀን ቤት መጎብኘት፣ በ7 ቀን ሐኪም ፊት ማቅረብ ነበር። ሁለቱም የተሟሉላቸው 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ስልክም ቋሚ አድራሻም የሌለውን ሰው በምን ያገኙታል? ነርሷ መድኃኒት ታስተካክላለች፤ የሚከራይ ቤት ግን ከቦርሳዋ አታወጣም።

በኋላ የወጣ ትንተና አንድ ነገር አክሏል፦ ቡድኑ የያዛቸው ሰዎች ከሆስፒታል በወጡ በ14 ቀን ውስጥ ሐኪም ዘንድ የመሄዳቸው ዕድል ካልተያዙት ይበልጣል። ሆስፒታል መመለሳቸውን ግን አላስቀረም።